ፕራዶ ገዛሁ፤ ከአስፋልት ወጥቼ የት ልንዳው?

ጥያቄ፦ «የሰሚት አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ፕራዶ ገዝቻለሁ። መኪናው ፎር ዊል ቢሆንም እስካሁን ከአስፋልትና ከኮብልስቶን ወጥቶ አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ ማታ ቤቴ የምገባበት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የማያስነዳ፣ ጭቃም ዳገትም ያለው መንገድ የት ላግኝ? በስልኬ መተግበሪያዎች ብፈልግ ምንም አላገኘሁም። ዱባይ ያለው ወንድሜ አሸዋ ላይ ሲነዳ ቪዲዮ ይልክልኛል፤ እኛስ ባዶ ሜዳ ላይ መንዳት አንችልም? ነሐሴ ላይ ጭቃው ሲበረታ መሄድ ነው የሚሉኝም አሉ። ራቫ ፎር ያለው ጓደኛዬ አብሮኝ ቢመጣስ?»

ምላሽ፦ ነሐሴ ላይ አይሂዱ። እንዲሄዱ የመከሩዎት ሰዎች የእርስዎን መኪና ከጭቃ የማውጣቱ ሥራ የእነርሱ አይደለም። ከሰሚት ወደ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአቃቂ ጀምሮ በዱከምና በቢሾፍቱ አልፎ እስከ ሞጆ ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ የሚለው ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለሌላ ጭቃ ጥርሱ ትልቅ የሆነ ጎማ መድኃኒት ይሆናል፤ መረሬ ግን ጥርሱን በጥቂት ዙር ይሞላውና ጎማው እንደ ተላጨ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ በጎማውና ከበላዩ ባለው የጭቃ መከላከያ (ፓራፋንጎ) መካከል ይጠቀጠቃል፣ በመጨረሻም ጎማው መዞር ያቅተዋል። ፎር ዊል እዚህ ላይ የሚጨምርልዎት ነገር ቢኖር በሁለት ጎማ ፈንታ በአራቱም መቀበር ነው።

ዝናቡ ሲያቆም ወዲያው ይደርቃል ብለውም አይመኑ። መረሬ የሚደርቀው ከላይ ወደ ታች ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሲረግጡት ጠንካራ ይመስላል፤ ሁለት ቶን የሚያልፍ መኪና ሲጫነው ግን ቅርፊቱ ይሰበርና ከታች ያለው ሊጥ ይቀበልዎታል። ይህን የተማርኩት መስክ ላይ ነው። ጀማሪ የመስክ ሾፌር ሳለሁ፣ አንድ መስከረም፣ ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ በሚወስድ ጥርጊያ መንገድ ላይ ሁለት ባለሙያዎች ጭኜ ስሄድ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «አባባ፣ ይህ መንገድ ያስኬዳል?» አልኩ። «ያስኬዳል፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ላንድ ክሩዘሩ በሆዱ ተኛ። ሽማግሌው ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ በባዶ እግራቸው ረጋ ብለው እየተራመዱ ደረሱብን። «እንዴት ያስኬዳል ይሉኛል?» ብላቸው፣ «እኔ እየሄድኩ አይደል?» አሉ። መኪናውን ያወጣነው ከሰዓታት በኋላ፣ የአካባቢው ሰው ከቤቱ ባመጣው ጭድ ነው። ያ ጭድ ለበሬዎች የተቀመጠ መኖ ስለነበር ዋጋውን ከፍለናል። በጥቁር አፈር ላይ ለመንዳት አስተማማኙ ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። ከመጋቢት ወዲህ የበልግ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል፣ በዋዜማው ዘንቦ ከሆነ ጉዞውን ይሰርዙ። ጭቃ ካማረዎት ጥር ላይም በየወንዙ መሻገሪያ ጥቂት አያጡም፤ ለመጀመሪያ ዓመት እርሱ ይበቃል።

መተግበሪያው ምንም ያላሳየዎት እርስዎ መፈለግ ስላልቻሉ አይደለም። በሌሎች አገሮች ለመዝናኛ መንዳት ተብለው የተከለሉ፣ ቁጥርና ካርታ የተሰጣቸው መንገዶች አሉ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለ ክልል የለም። ያለው የገጠር መንገድ ነው፣ እርሱም የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ይዟል። በ2003 ዓ.ም. ግድም የተጀመረውና በተለምዶ ዩራፕ የሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን እርስ በርስና ከወረዳ ከተሞች ጋር ለማገናኘት ብዙ መንገድ አስቆርጧል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠጠራቸው ታጥቦ፣ ቦያቸው ተደፍኖ፣ ጎርፍ መሃላቸውን ሰንጥቋቸው ኮረኮንች ሆነዋል። ለነዋሪው ችግር የሆነው ነገር ለእርስዎ የቅዳሜ መዝናኛ መሆኑን አለመርሳት ነው። ታጥቦ የቀረውን ከፊል መንገድ እርስዎ ቆፍረውት ቢመለሱ፣ ሰኞ ወላድ ይዞ የሚወጣው አምቡላንስ በዚያው ነው የሚያልፈው።

ባዶ ሜዳ ላይ መንዳት አይቻልም፤ ምክንያቱም ባዶ ሜዳ የለም። ወንድምዎ የሚነዳበት የአሸዋ በረሃ የሚታረስ አይደለም። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው የአድአ ሜዳ ግን በክረምት ጤፍ ይዟል፤ ጤፍ ያልተዘራበት ጥቁር መሬት ደግሞ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ሽምብራ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚበቅል ሰብል ስለሆነ፣ መስከረም ላይ ከመኪና መስኮት የሚታየው ማሳ ያልተነካ ጥቁር አፈር ይመስላል። ትናንት የተዘራ ሊሆን ይችላል። ከአጨዳ በኋላም ቃርሚያው የከብት ግጦሽ ነው፣ ክምሩም ገና አልተነሣም። እንግዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ ሌላ ጎማ ካለፈበት መስመር አይውጡ። መንገዱ መሃሉ ተበላሽቶ ሌሎች በማሳው ዳር ዞረው ካለፉ እርስዎም በዚያው ዱካ ይለፉ፤ አዲስ ዱካ ግን አይክፈቱ። በታኅሣሥና በጥር ብዙ አውድማ ከመንገድ ዳር ነው የሚለቀለቀው። እህል ሲወቃ ወይም ሲመረት ካዩ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይለፉ፤ ያስነሡት አቧራ የሚያርፈው የዓመት ቀለብ ላይ ነው።

መንገድ የምፈልገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በኮምፒውተር የሳተላይት ፎቶ እከፍታለሁ። አንድ ቀጭን መስመር የሰውና የከብት መንገድ ነው፤ ሁለት ትይዩ መስመሮች ከሆኑ ጎማ አልፎባቸዋል። መንገዱ ሜዳ ላይ እንደ ተፈታ ሹሩባ ወደ ብዙ መስመር ከተበተነ ቦታው በክረምት የሚያሰምጥ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ቀጣዩ ሾፌር በጎኑ ሲያልፍ የተፈጠረ ነውና። ወንዝ አጠገብ ሲደርስ ሦስት አራት ቦታ ከተከፈለ ደግሞ ጎርፉ በየዓመቱ መሻገሪያውን ያፈርሰዋል ማለት ነው። ፎቶው የተነሣበትን ወር ማየት አይርሱ፤ የጥር ፎቶ የሐምሌን መንገድ አያሳይም። ቀጥሎ የ1፡50,000 ካርታ አያለሁ። በዚህ ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ የከፍታ መስመሮቹ የተጠጋጉበት ቦታ ዳገቱን ይነግርዎታል። ቀድሞ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ሥራ አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ብዙዎቹ ካርታዎች አርጅተዋል፣ መንገዱም ተለውጧል፤ ገደሉና ወንዙ ግን ካሉበት አልተነሡም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ሰው መጠየቅ ነው፤ ትልቁ ስሕተት የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው። «መንገዱ ያስኬዳል?» ብለው አይጠይቁ፤ እንግዳን ማሳፈር የማይወድ ሰው አዎ ይልዎታል፣ እንደ እኔ ሽማግሌም ስለ እግር ሊሆን ይችላል የሚያወራዎት። «መጨረሻ መኪና ያለፈው መቼ ነው? ምን ዓይነት መኪና? ጭኖ ነው ባዶውን?» ብለው ይጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው መረጃ ሰጪ እህል ጭኖ የሚወጣ የአይሱዙ ሾፌር ወይም ረዳቱ ነው፤ እርሱ ከታጣ ባለ ባጃጅ፤ እርሱም ከሌለ ጋሪ የሚነዳ ልጅ፤ ቢያንስ ጎማ አለው። የገበያውንም ቀን ይጠይቁ። በገበያ ዕለት መንገዱ በአህያና በሰው ስለሚሞላ አይግቡ፤ በማግስቱ ግን አይሱዙዎቹ ዱካቸውን ትኩስ አድርገው ትተውልዎታል፤ ከዚያ የተሻለ ካርታ የለም። በዚህ አካባቢ ገጠሩ የሚናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የሚችል ሰው ከጎንዎ ቢቀመጥ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይጠቅማል። ካልተገኘ «አካም ቡልታን» ብሎ ከመኪና መውረድ መነሻ ይሆናል። ሞተር ሳያጠፉና ሳይወርዱ የሚጠየቅ ጥያቄ ጥሩ መልስ አያገኝም።

አሁን ስለ ቦታዎቹ። እንጦጦን ይተዉት። ለመኪና የተፈቀደው ክፍል አስፋልት ሆኗል፣ የጫካው መንገድ ደግሞ የእግረኛ፣ የሯጮችና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ነው። በሱሉልታና በሰንዳፋም ማለዳ ጥርጊያው ላይ አትሌቶች ይሠለጥናሉ፤ በዚያ ሰዓት አቧራ እያቦነነባቸው የሚሄድ መኪና ቢመቱት አልፈርድባቸውም። መናገሻ ሱባ ጥሩ የጫካ መንገድ አለው፤ የጽድ ደኑ በወጨጫ ተራራ ጎን ነው፣ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እንደ ተጠበቀ ይነገርለታል። ለእርስዎ ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ስለሆነ ያሉት አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ትራፊክ ውስጥ ያልቃል። በቡታጅራ መስመር መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ በአንድ ቀን የሚያዙ ናቸው፤ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ፣ ከአለት ወደ ተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም የሚገባው መንገድ ለጀማሪ ደኅና ልምምድ ነው። እዚያ አካባቢ ሲነዱ ግን መሬቱን ይዩት፤ ጥቁር መስታወት የሚመስል ድንጋይ ይበዛዋል። ባልጩት ነው። በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ መቁረጫ የሠሩበት ድንጋይ ነው፣ ስለቱም እስካሁን አልደነዘዘም። የጎማን ጎን ከቀደደው ጎሚስታ አይጠግነውም። አዋሽ ፓርክና ፈንታሌ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቁ የአንድ ቀን ጉዞ አይደሉም። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱንም መንገዱንም ሰንጥቋል፤ ስለዚህ ለብቻ ዝግጅት የሚፈልግ ነው።

በአካባቢው ምርጡን መንገድ ንገረን ብትሉኝ ዝቋላ ነው እል ነበር። ከሜዳው ብድግ ብሎ እስከ 2,989 ሜትር የሚወጣ ተራራ፣ ጫፉ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም፤ ድንጋይ፣ ዳገትና ጠምዛዛ ሁሉ አንድ ላይ። ሆኖም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የገዳሙ አባቶች ተገድለዋል፤ በአካባቢው ያለው የጸጥታ ሁኔታ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለሆነ ለመዝናናት ብለው እንዲወጡ አልመክርም። አንድ ቀን ሰላሙ ተረጋግጦ ከሄዱም ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የንግሥ ቀናት ናቸው፤ በእነዚያ ሰሞን መንገዱ የምእመናን እንጂ የመኪና አይደለም። ከሙገርና ከጀማ ሸለቆዎችም ለጊዜው ይራቁ። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ በዋዜማው እዚያ ለሚኖር ሰው ይደውሉ፤ የሚደውሉለት ሰው ከሌለዎት ገና አልተዘጋጁም። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና መታወቂያ ይያዙ፤ ኬላ ላይ መስኮት ዝቅ፣ መነጽር ወለቅ። ያለ ፈቃድ ድሮን አያስነሡ። ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ከተማ ስለሆነች በወታደራዊ ግቢዎች አቅራቢያ ካሜራም አይውጣ።

የምመክርዎት እንግዲህ ቢሾፍቱን ነው። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በፈጣን መንገዱ ከሰሚት ያለ ችግር ይደርሳሉ። ሆራን፣ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ከከተማው ወጣ ብለው ያሉትን አረንጓዴ ሐይቅንና ኪሎሌን ግን ለማየት የሚሄድ ጥቂት ነው። ወደ እነርሱ የሚወስዱት ጥርጊያዎች ጥቁር አፈርም፣ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም፣ አጫጭር ዳገትም አላቸው፤ ከሁሉ በላይ ከአስፋልትና ከስልክ ኔትወርክ አይርቁም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ታኅሣሥ ላይ ያድርጉት፤ አረንጓዴ ሐይቅን ብቻ ደርሰው ይመለሱ። ያንኑ መንገድ በሚቀጥለው ሳምንት ይድገሙት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ በመጀመሪያው ያላዩት ጉድጓድ ሁሉ ይታይዎታል። ሦስተኛው ላይ ኪሎሌን ይጨምሩ። ከእንግዲህ ወዲያ ወደ የረር ተራራ ተዳፋት የሚወጡትን የቀበሌ መንገዶች እየጠየቁ መሞከር ነው። የመመለሻ ሰዓትዎ ርቀቱን የሚወስን ይሁን፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አስፋልት መርገጥ አለብዎት። ያሰቡት ቦታ 8 ሰዓት ድረስ ካልተገኘ መሪዎን ያዙሩ። ገጠር መንገድ ላይ ያመሸ መኪና ለራሱም ለነዋሪውም ሥጋት ነው።

ስለ መኪናው። ፕራዶ በአብዛኛው ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ ነው፤ ይህ ግን ብዙ አይረዳዎትም፣ አንድ ጎማ ከተንሳፈፈ ጉልበቱ ወደዚያ ጎማ ሊፈስስ ይችላል። ትርጉም ያለው ነገር የመሃሉን ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን) የሚቆልፈው ማርሽና ከባዱ የፎር ዊል ማርሽ ናቸው። ከባዱ ማርሽ የጎማውን ጉልበት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ ፍጥነቱን በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ተርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣልና፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ከመርገጥ ይልቅ ወደዚህ ማርሽ መግባት ፍሪሲዮንዎን ያተርፍልዎታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፎር ዊል መኪና በተሻለ ይቆማል ብሎ ያምናል፤ አይቆምም፣ ፍሬኑ ያው የማንኛውም መኪና ፍሬን ነው። በከባዱ ማርሽ አንደኛ ገብተው እግርዎን ከፍሬን ላይ ያንሡ፤ ሞተሩ ይይዘዋል። አስፋልት ላይ ሲመለሱ ቁልፉን መፍታት አይርሱ፤ ተቆልፎ ደረቅ አስፋልት ላይ ጥምዝ ሲይዙ የሚሰሙት ድምፅ የብር ድምፅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ ደግሞ ምትክ ፕራዶ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጓደኛዎ በራቫ ፎሩ ይምጣ። ብቻዎን ከመሄድ ሁለት መኪና መሆን ይሻላል፣ ደረቅ ወር ላይ ለአረንጓዴ ሐይቅ መንገድ ራቫ ፎርም ይበቃል። ነገር ግን ራቫ ፎር ከባዱ ማርሽ የለውም፣ ሆዱም ለመሬት ይቀርባል፤ ስለዚህ የትኛውን መንገድ እንደምትወስዱ የሚወስነው እርሱ ነው። ከፊት ይሂድ። ጭቃ ከያዘው እርስዎ ከኋላው፣ ቀድሞ ባለፉበት ጠንካራ መሬት ላይ ቆመው ወደ መጣበት ይጎትቱታል። ስትጎትቱ ገመዱ ሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ እንጂ መከላከያው ላይ አይታሰር፤ የገመዱ አካባቢ ሰው አይቁም፣ በተለይ ለማየት የሚሰበሰቡትን ሕፃናት ራቅ አድርጓቸው። የሽቦ ገመድ ከሆነ ሲበጠስ ሰው ይቆርጣል፤ ወፍራም የመጎተቻ ቀበቶ ይግዙ።

ከዚህ ውጪ የሚያዘው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አካፋ፣ ደኅና ትርፍ ጎማ፣ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጎማ መንፊያ፣ ብዙ ውሃ፣ እና ክሪኩ የሚያርፍበት አንድ ክንድ የሚያህል ወፍራም ጣውላ። ጣውላው ቀልድ አይምሰልዎት፤ ለስላሳ አፈር ላይ ክሪክ ሲያዞሩ መኪናው አይነሣም፣ ክሪኩ ነው የሚሰምጠው። ወንዝ ሲያጋጥምዎት መጀመሪያ በእግርዎ ይሻገሩ። ውሃው ከጉልበት ካለፈ ወይም በእግርዎ መቆም ካስቸገረዎት መኪናም አይለፍ። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ደመና ከጠቆረ፣ እርስዎ ባሉበት ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል፤ ጠዋት የተሻገሩት ደረቅ አሸዋ ማታ ወንዝ ሆኖ ይጠብቅዎታል። የመድን ውልዎንም ሳይወጡ ያንብቡት፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ አለዎት፣ የራስዎን መኪና ከመንገድ ውጪ ለሚደርስበት ጉዳት የሚሸፍን መሆን አለመሆኑ ግን ከውል ውል ይለያያል።

ሲመለሱ መኪናውን ከነጭቃው አያሳድሩት፤ ከሥር ይታጠብ። መረሬ በአንድ ሌሊት ደርቆ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ይጣበቅና ሰኞ ጠዋት በቀለበት መንገዱ ላይ መሪዎን ያንቀጠቅጠዋል። መሪው ሲንቀጠቀጥ ወደ ጋራዥ ከመሮጥዎ በፊት ጎማውን አስወልቀው ያንን ጭቃ በብረት ያስፍቁት።